ሕሩይ የሞላው ሰዓት

ዴንቨር ውስጥ፣ ሐበሻ በሚበዛበት በቻምበርስ ሮድ አካባቢ ስለ ሕሩይ ያልተባለ የለም። አንድ ሰሞን ሚስዝ ሃርግሬቭን ሊያገባ ነው ተባለ። አሮጊቷ ያኔ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሚስቱ ልዕልትም በሕይወት ነበረች፤ እንዲያውም ወሬው ሲወራ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆና ክትፎዋን እየበላች ሰምታለች። ቀጥሎ ደግሞ ቤታቸውን ሊያወርሱት ነው ተባለ። ሴትዮዋ ቤት አልነበራቸውም። የነበራቸው ካፒቶል ሂል በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አፓርትመንት ነው። ወሬ ግን ለእንዲህ ያለ ዝርዝር ጊዜ የለውም።

እውነቱ ይህን ያህል አይጣፍጥም። ሕሩይ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። አገር ቤት ሳለ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ሰው ሁሉ በር ላይ ሲያየው ፊቱን የሚያጨልምበት ሥራ። ዴንቨር ከመጣ በኋላ ኤርፖርት ዊልቸር ገፋ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ቆረጠ፣ በመጨረሻ ሆም ኬር፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራ፣ ገባና ሚስዝ ሃርግሬቭ ደረሱት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መድኃኒታቸውን ሰጠ፣ ሾርባቸውን አሞቀ፣ የጫማቸውን ክር አሰረ።

ቤታቸው በዕቃ የተጨናነቀ ነበር። ሟቹ ባለቤታቸው ከእንግሊዝ አገር አስጭነው ያመጡት ነው፤ ጆርጅ የተባሉ ነገሥታት አንዱ በአንዱ እግር እየተተኩ በነገሡበት ዘመን የተሠራ፣ ስሙም በእነሱ “ጆርጂያን” የሚባል። ማንም እንዲቀመጥባቸው የማይፈቀድ እግረ ቀጫጭን ወንበሮች፣ መሳቢያው ሲከፈት የሰው ሳል የሚያሰማ ኮመዲኖ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ የማሆጋኒ ጠረጴዛ። ሕሩይ ይህን ለጓደኛው ለታደሰ ሲያወራለት፣ “ከጆርጂያ ከሆነማ አትላንታ የአክስቴ ልጅ አለ፤ በግማሽ ዋጋ ይልክልሃል” አለው። ታደሰ ታክሲ ነጂ ነው። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው የሚያውቅ ዘመድ አያጣም።

ከዕቃው ሁሉ የሕሩይን ልብ የወሰደው ሰዓቱ ነበር። ወለል ላይ የሚቆም፣ ከእሱ በአንድ ክንድ የሚረዝም፣ ፊቱ ነሐስ፣ ከላይ ደግሞ የሴት ፊት የተሣለባት ጨረቃ ቀስ እያለች የምትወጣበትና የምትገባበት። በሆዱ ውስጥ ሁለት የእርሳስ ክብደቶች በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ እነሱ ቀስ በቀስ ሲወርዱ ሰዓቱ ይሄዳል፣ መሬት ሊነኩ ሲደርሱ ደግሞ በቁልፍ እያዞሩ መልሶ መስቀል ነው። በሳምንት አንዴ ካልሞሉት ይቆማል። ሕሩይ ይህን ሥራ እሑድ አደረገው። ከቅዳሴ ሲወጣ ሌላው ሰው ጠበል ጸዲቅ ፊት ሲሰለፍ እሱ መኪናውን አስነስቶ ካፒቶል ሂል ይሄዳል። እሑድ የሥራ ቀኑ አልነበረም፤ የቀጠረው ኤጀንሲም አይከፍለውም፤ ይህን ግን ለአሮጊቷ ነግሯቸው አያውቅም። አሮጊቷ አጠገቡ ተቀምጠው ዙሩን ይቆጥራሉ፤ በግራ ዐሥራ አራት፣ በቀኝ ዐሥራ አራት። ሲያበቃ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ልዕልት፣ “ሰው በነፃ ብረት ያዞራል?” አለችው። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ይህ ነበር፦ በዚህ በሰፊው አሜሪካ ውስጥ እሱ ካልመጣ የሚቆም ነገር ያ ሰዓት ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሚስዝ ሃርግሬቭ ጠበቃቸውን ጠርተው ኑዛዜያቸውን ሲያስጽፉ ሕሩይን ከማዕድ ቤት አስጠሩት። ጠበቃው ብዕሩን ይዟል።

“ሕሩይ፣ ሰዓቱን አንተ እንድትወስደው እፈልጋለሁ። ላስጽፈው?”

የሕሩይ ልብ ዘለለ። እጁ ግን ደረቱ ላይ ሄደ፣ ወገቡም ጎንበስ አለ። “ኧረ በፍጹም። ይህማ ይበዛብኛል” አለ።

“እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

ምን ይበል? የጨዋ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን “ውሰድ” የሚቀበል ስድ ነው፤ ሁለተኛውን የሚቀበል ስስታም ነው። ሦስተኛው ላይ ሰጪው “በሞቴ” ይላል፤ ያኔ ተቀባዩ እያፈረ፣ እየተለማመጠ፣ በሁለት እጁ ይቀበላል። አሠራሩ ይህ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ሕሩይም ጎንበስ እንዳለ ሦስተኛውን ጠበቀ። አሮጊቷ ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ጠበቃው ዞረው፣ “እንግዲያው ከሌላው ዕቃ ጋር ይሁን” አሉ። ጠበቃው አንድ መስመር ሰረዘ።

ሕሩይ የተሰረዘውን አላየም። እሱ የገባው ነገሩ በይደር እንደቀረ ነው፤ ሌላ ቀን ይደግሙታል፣ ያን ጊዜ ይቀበላል። ቤቱ ሄዶ ለልዕልት፣ “ሰዓቱን ሰጡኝ” አላት። ልዕልትም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች፤ ያ አንድ ሰው እንቁ ነበረች። እንቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚፈላውን ሻይ የምትቀዳ ሴት ናት፤ ብርጭቆ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ከስኳሩ ጋር ወሬም ይጨመርለታል።

የካቲት ላይ ሚስዝ ሃርግሬቭ “በሞቴ” ሳይሉ ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ የእህታቸው ልጅ ከካሊፎርኒያ መጣ። ትሑት፣ መነጽራም፣ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ ሰው ነው። ሕሩይ ቁልፉን ሊመልስ ሲሄድ ዕቃው ሁሉ ላይ ቁጥር ተለጥፎ አገኘው። ሰዓቱ ላይ ሰባ ሁለት ይላል።

“ይህም... ይሸጣል?” አለ፣ ጥያቄውን ስለ አየሩ ሁኔታ ከሚጠየቅ ጥያቄ እንዳይበልጥ አድርጎ።

“አዎ፣ ሁሉም ቅዳሜ ጨረታ ላይ ይቀርባል። ይህን ላንተ ልትሰጥ አስባ ነበር፤ እንዳልፈለግከው ነገረችኝ። ሁለቴ ጠየቅኩት አለች።” ሰውዬው እጁን አሻሸ። “እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቷት ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ለካ ለደሞዙ ኖሯል አለች።”

ሕሩይ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አሁን “እፈልገዋለሁ” ቢል የመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ የሚሻማ ይሆናል። “እሺ፣ መልካም” አለና ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሦስቱንም ቆሞ ሰማ።

ልጁ ሔርሜላ እዚሁ የተወለደች፣ ነርሲንግ የምትማር ናት። ታሪኩን ስትሰማ ሹካዋን አስቀመጠች።

“ዳዲ፣ ኖ ካልክ እኮ ኖ ነው። ደውልለትና ንገረው። ዛትስ ኢት።”

“ምን ብዬ? ስዋሽ ነበር ልበለው?”

“ዋሽተሃላ።”

“አልዋሸሁም። አክብሬያቸው ነው።”

ሔርሜላ እናቷን አየች፤ ልዕልት ምድጃ ላይ ያለውን ወጥ አየች። ሕሩይ ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ነው ያልቻለው፤ መኪና ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ አንዲት ቃል ትመጣበታለች፦ ለደሞዙ። ሰዓቱ ቢቀር ይቀር ነበር። ሴትዮዋ ያን ሐሳብ ይዘው መሄዳቸው ነው አልዋጥ ያለው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍ፣ ስልክ አይደወል። አንድ መንገድ ብቻ ታየው፤ ሰዓቱን በገንዘቡ ገዝቶ ቤቱ አቁሞ በየእሑዱ ቢሞላው፣ ያለ ደሞዝ እንደሚሞላ የሚያይ ካለ ያያል። ለጥርሱ ያስቀመጠው ሁለት ሺህ ዶላር ነበረው። ጥርሱ ይቆይ።

ጨረታ ሲባል ደግሞ ታደሰ ሳይኖር አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን ጨረታ ስመ ጥር ሰው ነው። እዚያ ጥላ ወይም አንድ ማሰሮ ማር ከፍ ተደርጎ ይያዝና አንዱ መቶ ይላል። መቶ ያለውን ሰው ብቻውን ማቆም ነውር ነው፤ ሌላው መቶ ሃምሳ ይላል፣ ታደሰ ሁለት መቶ ይላል፣ እልል ይባላል። ያሸነፈው ዕቃውን መልሶ ይሰጥና እንደገና ይጫረቱበታል። ዋጋው ሲወጣ በረከቱ ይወጣል። ታደሰ ራሱ አንድም ማሰሮ ወደ ቤቱ ወስዶ አያውቅም፤ የእሱ ሥራ ማሞቅ ነው። አንድ ዓመት አንዲት ጧፍ በአራት ሺህ ዶላር እንድትሸጥ ያደረገ እሱ ነው ይባላል፤ ሦስት ሺህ ነው የሚሉም አሉ።

ቅዳሜ ዴንቨር መሀል ወደሚገኘው የጨረታ አዳራሽ ሁለቱም ኮት ለብሰው ሄዱ። በር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ሲሰጡ ታደሰ፣ “እኔም ልያዝ፣ ባዶ እጄን አልቁም” ብሎ ተመዝግቦ ወሰደ። ሕሩይ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ታደሰ ወገቡን ስለሚያመው ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

አጫራቹ ፈጣን ነው፤ ቁጥር እንደ ጥይት ይተፋል። የአሮጊቷ ወንበሮች በየተራ ወጡ። ማንም እንዲቀመጥባቸው ያልተፈቀዱት ወንበሮች ስድስቱም በሁለት ራት ዋጋ ሄዱ። የሚያስለው ኮመዲኖ ልዕልት ለቴሌቪዥን ማስቀመጫ ከከፈለችው ባነሰ ተሸጠ። የዘንድሮ ሰው ጥቁር እንጨት አይፈልግም አሉ፤ ነጭ ይፈልጋል፣ ቀላል ይፈልጋል። ሕሩይ እያዘነ ተደሰተ። ዕቃው ሲዋረድ ያፍርለታል፣ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ሰዓቱ ይቀርበዋል።

ሰባ ሁለት ተጠራ። ሕሩይ ካርዱን አነሣ። አንድ ጢማም ሰውዬ ከጎን ጨመረ፣ ሕሩይ ጨመረ። አንድ ሺህ አንድ መቶ። ጢማሙ ራሱን ነቀነቀና ካርዱን ኪሱ ከተተ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አጫራቹ መዶሻውን ከፍ አደረገ።

ያንን ጸጥታ ታደሰ አልቻለውም። የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ዕቃ፣ የጓደኛው ዕቃ፣ እንደ ሌባ ዕቃ ዝም ተብሎ ሊሄድ። ካርዱን አነሣ።

“አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ከኋላ” አለ አጫራቹ።

ሕሩይ አልዞረም። ያላየው ጠላት መጣበት፤ ጨመረ። ታደሰ ደስ አለው፤ እሱም ጨመረ። ይህን ጊዜ ግድግዳው ጋ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ በሩቅ ላለ ሰው የምትጫረት የአዳራሹ ልጅ፣ ሁለት ሰው ይህን ያህል ከተፋለመ አንድ ነገር አለ ብሎ የነቃ ደንበኛ በመስመሩ ላይ ኖሮባት እጇን አወጣች። አንድ ሺህ አምስት መቶ። ሕሩይ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አለ። ገዢ ከዋጋው ሌላ ለአዳራሹ የሚከፍለው ሩብ ሲጨመርበት ሁለት ሺህ ያ ነው፤ ጥርሱም አለቀ። ልጅቷ ስልኩ ውስጥ አንሾካሸከችና እጇን ደግማ አወጣች።

ሕሩይ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አስተኛ። ያኔ ዞረ። ኋላ ታደሰ ካርዱን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ ፈገግ ብሎ በዐይኑ አይዞህ ይለዋል።

መዶሻው ወረደ።

“ምነው ቆምክ?” አለ ታደሰ፣ አጠገቡ መጥቶ።

“አንተ ነህ እንዴ ከኋላ የጨመርከው?”

“እኔ ነኛ። ለቅሶ ቤት መሰለ እኮ። ላሙቅልህ ብዬ ነው።”

“ሊሰጠኝ መዶሻውን አንሥቶ ነበር።”

“ታዲያ መጨረሻ ላይ እተውልህ ነበር። መቼ አስቀርቼብህ አውቃለሁ?”

“ስልኩስ?”

ታደሰ ልጅቷን አየ፣ ካርዱን አየ። “ስልኩን እኔ በምን ልወቅ፣ ሕሩዬ” አለ። ድምፁ አነሰ። ካርዱን ኮቱ ውስጥ ደበቀው፣ መመለስ እንዳለበት እንኳ ረሳ።

ሁለት ጎበዞች ሰዓቱን ከነሆድ ዕቃው ጋሪ ላይ ሊያጋድሙት ሲይዙት ሕሩይ ተነሥቶ ሄደ። “አንድ ጊዜ” አላቸው። በሩን ከፍቶ ወዲያ ወዲህ የሚለውን ዘንግ በመዳፉ አስቆመ፣ ከመስቀያው አላቆ በጋዜጣ ጠቀለለው። ክብደቶቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ የግራው የቱ፣ የቀኙ የቱ እንደሆነ በወረቀት ጽፎ አሰረባቸው። አንደኛው ጎበዝ፣ “እዚህ ነው የምትሠራው?” አለው። ሕሩይ አይደለም አለው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ ሲወጣ የሚሄድበት አልነበረውም። ስለዚህ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበል ጸዲቅ ተሰልፎ ተቀመጠ። እንቁ ሻይዋን ይዛ መጣች።

“ዛሬ ምን ተገኘ፣ ጋሽ ሕሩይ? ትናንት ጨረታ ነበራችሁ አሉ። ሰዓቱ ገባ?”

ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ሕሩይ ዞረ። ታደሰ ፊት ለፊቱ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ አንዲት ድንች ያሳድዳል፤ ጆሮው ቀልቷል። ሕሩይ እውነቱን ቢናገር ታደሰ እስኪሞት “ሰዓት አሟቂው” ይባላል። ገንዘብ አነሰኝ ቢል ራሱ መሳቂያ ይሆናል። ሕሩይ ሻዩን ተቀበለ።

“ተውኩት” አለ። “ድሮም ሴትዮዋ ውሰድ ሲሉኝ አልፈለግሁትም ነበር። ሥራዬ ስለነበረ ነው የምሞላው።”

ልዕልት ቀና ብላ አየችው። ስለ ሕሩይ እስከዛሬ ከተወራው ሁሉ በሰው ሁሉ ፊት ከራሱ አፍ የወጣው ይህ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ማንም አልተጠራጠረውም፣ ከሰዓት በኋላም ቻምበርስ ሮድን አዳረሰው።

“ደግ አደረግክ” አለች እንቁ፣ ስኳሩን እየጨመረችለት። “ያረጀ ዕቃ ምን ያደርግልሃል።”

“እውነትሽን ነው” አላት።