ውኃ አቁም

ሸማ ተራ ጥግ፣ ባለቤቴ ታደሰ ጃንጥላ በሚጠግንባት ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ መርፌና ድቡልቡል ሰም ሰጠኝ። «ክሩን ሰም ሳታስነኪ እንዳትሰፊ። መርፌ የወጋው ሁሉ ውኃ ያስገባል» አለኝ። እሱ ሽቦውን በፒንሳ ያቃናል፣ እኔ ጨርቁን እሰፋለሁ።

ያለ ሰም የምንሰፋው የቤተ ክርስቲያን ጥላ ብቻ ነበር። ሰም የጥላውን ከፋይ ጨርቅ ያበላሻል።

አንድ ሐምሌ የንግሥ ጥላ ሰፍቼ ሳበቃ፣ በተረፈኝ ደረቅ ክር ሁለት ጥቁር ጃንጥላዎች ሰፋሁ። እጄ የንግሡን ጥላ አሰፋፍ ይዞ ሄደ፣ እኔም አላስተዋልኩም። አንዱ የአንዲት ስፔናዊት የሙዚቃ መምህር ነበር። ሌላው የታደሰ የራሱ።

መምህሯን መዳም እንላቸዋለን፤ በሦስተኛው ቀን ፀጉራቸው ርሶ መጡ።

«ጋሼ ታደሰ፣ ይህ በአገሬ ፓራጓስ ይባላል። ፓራ ያቆማል ነው፣ አጓስ ውኃዎች። ተጣብቀው ውኃ አቁም ሆኑ። ይሄ ግን ምንም አላቆመም!»

ታደሰ ሳቀ። «የእኛው ጃንጥላ ጃኑ እንደ ጃንሆይ የንጉሥ ነው መዳም፣ ጥላውም ጥላ። ስሙ ስለ ዝናብ ቃል አልገባም።»

«እንግዲያው ወይ ያንግሡኝ፣ ወይ ውኃውን ያቁሙልኝ!»

ጃንጥላውን ትተው ሲወጡ ታደሰ ስፌቱን በጥፍሩ ሳብ አድርጎ አየኝ። «ደረቅ ነው።»

«ያንተንም በዚሁ ነው የሰፋሁት። አምጣው ልፍታው።»

«የደንበኛ ይቅደም። የእኔ ይደርሳል።»

ደረቱን ያመው ነበር፤ ሐኪሙም ብርድ እንዳይመታው አስጠንቅቆታል። ይህን እያወቅሁ የመዳምን ጃንጥላ መፍታት ጀመርኩ።

በማግስቱ የመዳምን ጃንጥላ በሰም ክር ሰፍቼ ሰጠሁት። የራሱን ዘርግቶ ሊያደርስ ወጣ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ዶፍ ያዘው። ማታ ሲገባ ካናቴራው ድረስ ርሶ ነበር።

የሆነውን መዳም በኋላ ነገሩኝ። ጃንጥላቸውን እንደታጠፈ ከኮቱ ሥር አውጥቶ ሰጣቸው፣ ደረቅ ነበር። «ምነው ይህን አልዘረጉም?» ቢሉት፣ «የደንበኛ ዕቃ አንዘረጋም» አላቸው። የሙያችን ደንብ ነው፤ የተጠገነ ዕቃ መጀመሪያ የሚዘረጋው ባለቤቱ ነው።

ሳንባው አላገገመም። መስከረምን ሳያይ ሞተ።

በቀብሩም ዘነበ። መዳም ያንን ጃንጥላ በላዬ ያዙልኝ። ቀና ብዬ ስፌቱን ተከታተልኩ። የእጄ ሥራ ነው። አንዲት ጠብታ አላለፈችም።

የታደሰ ጃንጥላ አሁንም ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። አልፈታሁትም። ብጠግነው ማን ይይዘዋል?

በሙያው ላላችሁ፦ ክራችሁን ሰም አስነኩ። የቤታችሁንም ሰው ዕቃ ከደንበኛ ዕቃ በኋላ አታድርጉ።