ፍራሾቹን ግድግዳ ላይ ያቆምንበት ሰሞን

ፖሊሶች ይዘው የወሰዱኝ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። አሰላ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር የክፍሏን ግድግዳና ጣራ በሾጣጣ ስፖንጅ አልብሰን፣ ስፖንጁ ምን ያህል ድምፅ እንደሚውጥ እየለካን በኮምፒውተር ካሰላነው ጋር እናስተያይ ነበር።

መርማሪው፣ «ማንም እንዳይሰማችሁ ነው የለጠፋችሁት። ድብቅ ሬዲዮ ጣቢያ ነው» አለኝ።

የታሰርኩበት ክፍል ባዶ ሲሚንቶ ነበር። አሥራ አራት ነን። አንዱ ሲያስል ሳሉ ግድግዳውን ዞሮ ይመለሳል፤ የሁለት ሰው ወሬ የገበያ ሁካታ ይመስላል። ከጎኔ ጆሯቸው የደከመ የሁሩታ ገበሬ ነበሩ፤ ሀጂ እንላቸዋለን። «ማል ጄዴ?» ይሉኛል፣ ምን አለ ማለታቸው ነው። በመጡ ማግስት ጠባቂው በር ላይ ቆሞ ፍርድ ቤት የሚቀርቡትን ሲጠራ ስማቸውን አልሰሙም። እኛም ሙሉ ስማቸውን ገና አናውቅም ነበር። በሩ ተዘጋ። ቀጠሯቸው አለፈ።

«ሌላ ጊዜ ሲጠሩዎት እኔ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

«ተው ልጄ» አሉ። «ስሜን ራሴ ልስማ።»

ማዘን እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ሐዘኑ ግን አልመጣም። የመጣልኝ ሥራዬ ነው። አንዴ አጨበጨብኩ። ድምፁ ቶሎ አልሞተም። ቀን ቀን የምንጠቀልላቸውን የስፖንጅ ፍራሾች ድምፁን እንዲውጡት ግድግዳው ላይ እናቁማቸው ብዬ ለመንኩ።

«እዚህ ያመጣህ ስፖንጅ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ። ሳቁ። ቢሆንም ተነስተው አቆሟቸው፤ ብርድ ልብስም ሰቀሉ። እንደገና አጨበጨብኩ። ድምፁ አጠረ።

ፍራሾቹን ካቆምን በሦስተኛው ጠዋት ጠባቂው መጣ። በር ላይ ቆሞ መጥራት ጀመረ። ሁለተኛውን ስም እንደጠራ ሀጂ መሬቱን ተመርኩዘው ተነሱ።

«አቤት!»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። አልተመለሱም። ይፈቱ፣ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዱ፣ የነገረን የለም።

ከሰዓት በኋላ እኔን ጠሩኝ። ቃልህ ነው ፈርም ያሉኝ ወረቀት ላይ «ድብቅ ሬዲዮ ጣቢያ» ተብሎ ተጽፏል። ሰረዝኩትና «የድምፅ መለኪያ ክፍል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ፈረምኩ። መርማሪው አየኝ። አልመታኝም። ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ።

ዛሬም አስተምራለሁ። ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ አጭር መልስ እሰጣለሁ። ሁሩታ ሩቅ አይደለም፤ በገበያ ቀን ሄጄ ሀጂን ባጠያይቅ የሚያውቃቸው አይጠፋም። እስካሁን አልሄድኩም።