መላወሻ የሌለው የሙሽራ ቀሚስ

ዘሀራ መርሳ ገበያ ዳር የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ መስፋት ከጀመረች ሃያ ሦስት ዓመት ሞላት። ወገቧ አልቋል፤ ዓይኗም መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶታል። ያልሰለቻት አንድ ነገር ቢኖር ደንበኛዋን ለክታ ስታበቃ «እስቲ ሱጁድ ውረጂ» ማለት ነው። ክርስቲያኗንም «እስቲ ስገጂ» ትላታለች። ቆሞ የተለካ ሰው ልኩ አይታመንማ! ሲቀመጥ ዳሌው ይሰፋል፣ ሲጎነበስ ጀርባው ይረዝማል። ስለዚህ ከልኩ ላይ አራት ጣት ትጨምራለች፤ መላወሻ ነው የምትለው።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ልጇ ፈይሩዝ ልታገባ ስትል ግን የሙሽራ ቀሚሱ ክርክር አደከማት።

«እማ፣ በልኬ ይሁን። ጆንያ አታልብሺኝ» አለች ልጅቷ፣ ስልኳ ላይ ያለ ፎቶ እያሳየች።

«በምን ትቀመጫለሽ?»

«ለአንድ ቀን ነው እኮ!»

ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። በአራተኛው ዘሀራ «እንዳሻሽ» ብላ ጨርቁን በልኩ ቆረጠችው። ሱጁድ ውረጂም አላለቻት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን የምታስበው ስለ ልጇ ሳይሆን ስለ ራሷ ወገብ ሕመም ነበር።

የሠርጉ ዕለት ቀሚሱ አማረባት፤ ሐሰት የለበትም። ሙሽራው ወደ ውርጌሳ ሊወስዳት መኪናው በር ላይ ቆሟል። የቀረው የአያቷን ጉልበት ስማ ዱዓ መቀበል ነው፤ ያለዚያ ከቤት አይወጣም። አያቷ ሼህ ሙባረክ ያለ ደጋፊ መቆም ከተዉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠብቋታል።

ፈይሩዝ ጎንበስ ልትል ስትሞክር ቀሚሱ ያዛት። ልትንበረከክ ስትል ጎኗ ላይ ክሩ ጧ አለ። ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምን ሆነች?» አሉ ሼሁ።

«ልብሱ ጠቧት ነው፣ አባዬ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ዘሀራ። ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሽማግሌው የወንበሩን ክንድ ጨብጠው መነሳት ጀመሩ። ዘሀራ ልትደግፋቸው ስትሮጥ «ተይኝ» አሏት። እንደምንም ቆሙና እጃቸውን በልጅ ልጃቸው ራስ ላይ ጭነው ዱዓቸውን ጀመሩ። አንዲት ቃል አላሳጠሩም። ሰው ሁሉ አሚን ይላል። ዘሀራ ግን ዱዓውን አልሰማችም፤ የሚንቀጠቀጠውን የአባቷን ጉልበት ነበር የምታየው።