ባለ ቀይ አበባው ቀሚስ

እህቴን ሰፈሩ «ዓይናማዋ» ይላታል። ሥራዋ የድሮ ጨርቅ አምሳያ ማተም ነው። ሙዚየሙ የጥንት ባለ አበባ ጥጥ ጨርቅ ቁራጭ ይልክላታል፤ እሷ አበባውን እንጨት ላይ ቀርጻ፣ ቀለሙን በጥብጣ፣ ቁርጥ ያንኑ የሚመስል አትማ ትመልሳለች። «ዋናው የቱ ነው ብለው ካልጠየቁኝ ምኑን ሠራሁት?» ትላለች። ታናሿ እኔ የታተመው እንዲደርቅ ጨርቅ ወጣሪ ነኝ፤ እሷን ከጠየቃችሁ ግን ከእኔ የሚሠራው አፌ ብቻ ነው።

አንድ ሕግ አላት። ቁራጩ እንደመጣ ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች። «ያደፈ ቀለም ይዋሻል» ትላለች። ሳይታጠብ ቀለም በጥብጪ ብትሏት ሞቼ እገኛለሁ ነው የምትለው።

ልጇ ሞተች። አንድ ልጇ! በምን እንደሞተች አትጠይቁኝ፣ አንጀቴ አይችልም። ከልብሷ ሁሉ እህቴ ያስቀረችው አንድ ባለ ቀይ አበባ ቀሚስ ነው። ልጅቷ ከልባሽ ሻጭ ገዝታው «ካንቺ ሥራ ይበልጣል» እያለች እናቷን ታበሽቅበት ነበር።

እህቴ ቀሚሱን ሳታጥብ ታቅፋው ትተኛለች። እውነትም የልጅቷ ጠረን አለበት፤ የቅባቷ፣ የላቧ። እኔም አሽትቼ አልቅሻለሁ። ጨርቁ ግን ሲታቀፍ ሳሳ፣ ብብቱ ጋ ተተረተረ።

«አምሳያውን አትሜ እሱን እታቀፋለሁ» አለችኝ አንድ ጠዋት። «የእሷን ጠረኑ ሳይጠፋ እቆልፍበታለሁ።» ከቀብሩ ወዲህ ሥራ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደስ አለኝ።

ጓሮ ጨርቅ ወጥሬ ስመለስ ገንዳው ፊት ቆማለች። ቀሚሱ ተዘፍዝፏል።

«እታለም! ምን አደረግሽ?»

እጇን ታያለች። «እኔ እኮ... ቀለሙ እንዳይዋሽ...»

ወይኔ እህቴን! ልማድ ነው፣ ስንት ዘመን የለመደ እጅ ነው ጉድ የሠራት። ቀሚሱን አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እስቲ አንቺ አሽትቺው።»

የውሃ ሽታ ብቻ ነው። ምን ልበላት?

«አለ» አልኳት። «ትንሽ አለ።»

«አትዋሺኝ» አለች።

አምሳያውን ግን ጨረሰችው። እንደዚያ የተዋጣለት ሥራ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ መተርተሩ ባይኖር እኔም አልለየውም ነበር። ሁለቱን አልጋ ላይ ዘረጋቻቸው። ዓይኗን ጨፍና አንዱን አሸተተች፣ ሌላውን አሸተተች፣ እንደገና የመጀመሪያውን።

«ሁለቱም ያው ናቸው» አለች።