«ኦርጋን ትሰጣለህ?»

ሐኪሟ ባሌ ኦርጋን ለመስጠት ተመዝግቦ እንደነበር ስትነግረን፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እሱ የተመዘገበው ለቤተክርስቲያን ነው!» አሉኝ በአማርኛ። «ንገሪያት እንጂ!»

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ሰፈር፣ ስፓዛ በምትባለው ትንሿ ሱቃችን በር ላይ ታክሲ ገጭቶት ነው። አንጎሉ ሞቷል፣ የሚተነፍስለት ማሽኑ ነው ብለውናል። ኩላሊቱና ጉበቱ ሳይበላሽ መልስ ይፈልጋሉ፤ እኔ እሺ ካላልኩ ግን አይነኩትም።

ወይ ጉዴ! ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፎርድስበርግ ሰፈር ቢሮ ከፍቶ ግብራችንን የሚሞላልን ሰውዬ፣ ነጋዴ ሁሉ በዓመት አንዴ እሱ ዘንድ መምጣቱ አይቀርምና፣ ከግብር ቅጹ ጋር የለጋሾች መመዝገቢያ ያያይዛል። «ኦርጋን ትሰጣለህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠይቆታል፤ ስትሞት የሰውነትህን ክፍል ትለግሳለህ ወይ ማለቱ ነው። የኔ ባል የመዘምራን መሪ ነው፤ ኦርጋን ሲባል መዝሙር የሚመታበት እንጂ ምን ይመጣበታል? ፈርሞ መጣ። እኔም ከሱ አልሻልኩም፤ «የቤተክርስቲያን ኦርጋን ግብር ቤት ምን አገባው? ደግሞስ ከየት አምጥተህ ልትሰጥ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብሎኝ ሳቀ።

ለሐኪሟ እውነቱን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልሳቀችም። «እንግዲያው ውሳኔው ያንቺ ነው» አለችኝ። ጊዜ እንደሌለም አልደበቀችኝም።

«ሳይገባው የፈረመውን አሜን ልትዪ ነው?» አሉ የባሌ ወንድም። «አገር ቤት እናታችን አስከሬኑን ስትቀበል፣ ‹ልጄ ምኑ ጎደለ?› ብትለኝ ምን ልበላት?»

ደሜ ፈላ። እሳቸው ላይ አይደለም፤ ምን ሐሰት ተናገሩ! የተናደድኩት እዚያ በተኛው ላይ ነው። አንድ ቃል ጠይቆ ቢፈርም ምን ነበረበት? አሁን እሱ ዝም ብሎ እኔ ልፈርድ? ሐኪሟ ከቅጹ ጋር ያስቀመጠችልኝን ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ባልፈርም ማንም አይወቅሰኝም። የሆነ ቦታ ግን ስልኩን አቅፎ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ፤ እሱም ሚስት ይኖረዋል።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «የሌለውን እሰጣለሁ ብሎ የፈረመ ሰው፣ ያለውን የሚነፍግ ይመስልዎታል?»

ፊታቸውን በኮታቸው እጅጌ ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ፈረምኩ።

ከባዱ አለፈ ብዬ ነበር። «ግቢና ተሰናበቺው» አሉኝ። ሬሳ አውቃለሁ፤ አባቴን የገነዝኩት እኔ ነኝ። ይሄ ግን እጁ ይሞቃል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። እንደ ሞተ ሰው ደረት አልመታለት፣ እንደ ተኛ ሰው አልቀሰቅሰው! ጋሼ ጎትተው እስኪያወጡኝ ድረስ፣ በገዛ እጄ ፈርሜ ሳበቃ፣ «ተነሣ እንጂ፣ ቤታችን እንሂድ» ስለው ነበር።