የእናቴና የሚስ ዚ ስም

ባለፈው ሳምንት የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የቅርንፉድ ዘይት ጠርሙስ ከአንዲት ባልደረባዬ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰበረና ሽታው ከክፍል ክፍል እየተሳበ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ወንበሩ ላይ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁኝን ሽማግሌ ለአፍታ ረስቼ ቆምኩ። ለሌላው ሰው የጥርስ ሕመም ሽታ ነው። ለእኔ ግን ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የነበረው የሚስተር ሳሊም የቅመም ሱቅ ሽታ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ የእናቴን ስም እንደ አዲስ የሰማሁበት ሱቅ።

የእናቴ ስም ስንቅነሽ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ጣሪያዋ ዝቅ ባለች፣ በረንዳዋ ሁለት ወንበር ብቻ በምትችል ቤት ነበር። አባቴ ትራክ እየነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ስለሚያሳልፍ ቤቱ የእኔና የእናቴ ነበር ማለት ይቻላል። እናቴ ኒው አልባኒ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽግ ነበር፤ ሥራ በጀመረችበት ቀን ሱፐርቫይዘሩ ስሟን ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልሆንልህ ሲለው የስም ባጇ ላይ «ሲንክ» ብሎ ጻፈላት። ሲንክ በእንግሊዝኛ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ነው፤ መስጠምም ማለት ነው። እናቴ ሁለቱንም ታውቅ ነበር። «ገንዳ ከሆንኩ እንግዲህ ውኃ አይጠፋብኝም» እያለች ትስቃለች።

እኔ አልሳቅኩም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ወላጆች ሲጠሩ ከሥራ በቀጥታ፣ ባጇን ደረቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች፤ አንድ የክፍሌ ልጅ አነበበውና ሳምንቱን ሙሉ «እናትሽ ዛሬ ስንት ሰሃን አጠበች?» ሲሉኝ ሰነበቱ። የእኔ ስም ሜሮን ነው፤ ለፈረንጅ አፍ አያስቸግርም። ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ መሰለኝ።

የዜግነት ማመልከቻው የመጣው በዚያው ሰሞን ነበር። ፎርሙን የማነብላትና የምሞላላት እኔ ነበርኩ፤ አንደኛው ገጽ ላይ ስምሽን መቀየር ትፈልጊያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አገኘሁ። እሷ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ ያኔ እንደዚያ ነበር የምንነጋገረው። ሁሉም ሰው ቼንጅ እንደሚያደርግ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገርኳት።

«ማን ልባል ታዲያ?» አለችኝ።

«ሳራ» አልኳት፣ ሳላስብ።

የሽንኩርት መክተፊያውን ስታደራርቅ ቆየችና «እሺ፣ ጻፊው» አለች። ጻፍኩት። በጣም ባማረ የእጅ ጽሑፍ ነበር የጻፍኩት።

ጎረቤታችን ሚስ ዚ የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ጥቁር አሜሪካዊት፣ ስልሳ ልጅ ሲንጫጫ ዞር ሳትል በአንድ ቃል ጸጥ የምታሰኝ ድምፅ የነበራት። ዚ የተባለችው ከምን ተቆርጦ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቅዳሜ የእናቴ መኪና ተበላሽታ ስለነበር ለፎርሙ የሚሆነውን ፎቶ እንድትነሣ ሚስ ዚ በራሷ መኪና ወሰደችን፤ ስንመለስ እናቴ ቅርንፉድና ጥቁር አዝሙድ ስለፈለገች ሚስተር ሳሊም ሱቅ ቆምን። ሚስ ዚ በአውቶቡሷ በየቀኑ በደጁ ታልፋለች እንጂ ገብታ አታውቅም ነበር። ገባችና መሐሉ ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፍና ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበችው።

ሚስተር ሳሊም የሞምባሳ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከነጭ ጥልፍ ቆባቸው የማይለዩ። ለእናቴ ቅርንፉዱን እየሰፈሩ እንግዳዋ ማን እንደምትባል ጠየቁ።

«ዚ ነው የሚሉኝ። ሙሉው ዛዋዲ ነው» አለች።

መስፈሪያውን አስቀመጡት። እኔና እናቴም ዞርን፤ ስድስት ዓመት ጎረቤት ሆነን ያን ስም ሰምተነው አናውቅም።

«የእኛ አገር ስም ነው፤ ስዋሂሊ ነው። ማን አወጣልሽ?» አሏት።

ሚስ ዚ ነገረቻቸው። አባቷ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ነበር፤ እናቷ ሁለት ሕፃናት ከሞቱባት በኋላ እሷ ስትወለድ፣ አባቷ ከአንዲት ቀጭን የአፍሪካ ስሞች መጽሐፍ ውስጥ «ስጦታ» የሚለውን ፈልጎ አገኘ። የገዛ እናቱ ተቆጣችው፤ አስተማሪ የማይጠራው ስም ለልጅ ይሰጣል ወይ ብላ። እሱ ግን ከአፍሪካ ከየት እንዳመጡን አናውቅም፣ ቢያንስ ስሟ ከዚያ ይምጣ አለ። ሚስ ዚ ይህን ስትናገር ያ የአውቶቡስ ድምፅዋ የለም። ኮሌጅ ሳለች አንድ ሰው፣ ወደ አሜሪካ የመጡት ቅድመ አያቶችሽ ከምዕራብ አፍሪካ ናቸው፣ ስዋሂሊ የሚባል ቋንቋ ሰምተውም አያውቁም፣ ስምሽ የሰው ነው ብሏት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዚ ሆነች።

«እና እርስዎ ምን ይላሉ?» አለቻቸው። «የእኔ ነው?»

ሚስተር ሳሊም «ቃሉ እኛም ዘንድ በእንግድነት ነው የመጣው» አሉ። «ከዐረቦች ጋር በጀልባ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው ይሉን ነበር አባቶቻችን። ዘዋዳ።»

የእናቴ እጅ ከቦርሳዋ ውስጥ ሳይወጣ ቀረ። «ዘዋዴ?» አለች።

እናቴ ከማግባቷ በፊት አራት ዓመት ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታለች። ስለዚያ ዘመን አታወራም፤ ዐረብኛዋንም ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከሚስተር ሳሊም ጋር በዐረብኛ ትነጋገር ጀመር፤ እንግሊዝኛ ስትናገር እንደምትሆነው ትከሻዋን ሳታጥፍ፣ ቃል ሳትለምን፣ ቀጥ ብላ። አፌን ከፍቼ አየኋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ለእመቤቲቱ ልጆች ጠዋት ጠዋት የምቋጥረውን ቤይሩት ዘዋዴ ይሉት ነበር። ስንቅ ማለት ነው። ንገሪያት፤ ስሟ ስንቅ ነው በያት። ስሟ የእኔ ስም ነው።»

ስንቅን ወደ እንግሊዝኛ የምመልስበት ቃል አልነበረኝም። ሚስ ዚን «ለመንገድ የሚያዝ ምግብ፤ የእናቴም ስም ያው ነው» አልኳት። ሚስተር ሳሊም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መንገደኛ ሲመለስ ከስንቁ ያተረፈውን ለልጆች ስለሚያድል ቃሉ በእነሱ አፍ ስጦታ ሆኖ ቀረ ሲባል መስማታቸውን ነገሩን። ሚስ ዚ ከኋላዋ ያለው የሩዝ ጆንያ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አንድ ቃል ስንት ባሕር፣ ስንት አፍ አልፎ እነዚህን ሁለት ሴቶች እዚህ ቅመም መሐል እንዳገናኘ በልጅ አእምሮዬ ለመቁጠር ሞከርኩና አቃተኝ።

መኪና ውስጥ ሚስ ዚ ሞተሩን ሳታስነሣ ወደ እናቴ ዞረች። «አንቺንስ ማን ስንቅ አለሽ?»

እናቴ እኔን እያየች ጀመረች፣ እኔም ከአፍ ከአፏ እየተቀበልኩ ተረጎምኩ፤ ታሪኩን እኔም ገና መስማቴ ነበር። አባቷ የመንገድ ሥራ ላይ አፈር ተደርምሶበት ሲሞት እናቷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ስትወልድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደሃ ነሽ፣ ልጅቷን ላለው ሰው ስጪ አላት። «አልሰጥም» አለች፤ «ለቀረኝ መንገድ ስንቄ እሷ ነች።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለመተርጎም ሁለት ጊዜ መጀመር ነበረብኝ። ያንን ስም ነበር እኔ በሳራ የለወጥኩት።

ሚስ ዚ ቤት እስክንደርስ በየቀይ መብራቱ «ስንክነሽ» እያለች ተለማመደች፤ እናቴ ጉሮሮዋን በጣቷ እየነካች «ቅ፣ ከዚህ» ትላታለች። ቤት እንደገባን ጫማዋን ሳታወልቅ «ያን ፎርም አምጪው» አለችኝ። አመጣሁት። «ሳራን ሰርዢያት። ደግ ሴት ትሆናለች፣ ግን አላውቃትም።»

በዜግነት መሐላው ቀን የዳውንታውኑ ፍርድ ቤት አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ስም የሚጠራው ሰው እናቴ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ «ሲን… ሲንክ…» አለና ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ከኋላችን፣ ያ ስልሳ ልጅ ጸጥ የሚያሰኝ ድምፅ «ስንቅነሽ» አለ፣ «ቅ»ዋ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጥርት ብላ ተሰበረች። እናቴ ተነሥታ ሄደች። ስትራመድ ያየሁትን ቁመቷን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩትም ነበር።

ሚስተር ሳሊም ሴት ልጆቻቸው ዘንድ ሞምባሳ ከተመለሱ ቆዩ፤ ሱቁ አሁን ስልክ ይጠገንበታል። ሚስ ዚ እኅቷ ዘንድ ጆርጂያ ገባች፤ እዚያ ሁሉም ዛዋዲ ነው የሚላት። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። አባቴ «እሷ» ነበር የሚላት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው «የሜሮን እናት» ይላታል፤ ስሟን ሙሉውን፣ በየቀኑ፣ በአጥር ላይ የምትጠራው ሚስ ዚ ብቻ ነበረች። ለቀብሯ ከጆርጂያ ድረስ ነድታ መጣችና ሳጥኑ ሲወርድ አንድ ጊዜ ጠራቻት። ከዚያ ወዲህ ያን ስም ከማንም አፍ አልሰማሁም። እኔ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት እንጂ ጠርቼው አላውቅም፤ ልጅ እናቱን በስሟ አይጠራም።