ድመቶቹ መስማት የጀመሩ ሰሞን

በደርግ ዘመን ናዝሬት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ወንጂ፣ ሸንኮራው በሚጨመቅበት ክፍል መካኒክ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጩኸት ጋር ስለሚውል ቤት ሲገባም ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ናት። በአራት ወሯ ማጅራት ገትር ያዛትና ሐኪም ቤት ሁለት ሳምንት ተኛች። በሕይወት ስትተርፍልን ሌላ ምንም አልጠየቅንም።

ከሐኪም ቤት በወጣን ሰሞን ድመታችን ከአልጋው ሥር ካርቶን ውስጥ አራት ግልገሎች ወለደች። ተማሪዎቼ ስለ ጆሮ ይማሩ ስለነበር አንዷን በሻሽ ጠቅልዬ ክፍል ይዣት ገባሁ።

"የድመት ልጅ ሳትሰማ ነው የምትወለደው" አልኳቸው። የጆሮዋ ቀዳዳ ዝግ ነው፤ በውስጡ ያለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለው ክፍልም ገና አልበሰለም። እዚያ ውስጥ ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ ድምፁን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚልኩት እነሱ ናቸው። በተወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበስላሉ። መጀመሪያ ኃይለኛ ድምፅ ብቻ፣ ቆይታ ኮሽታም ትሰማለች። የሰው ልጅ ግን ማህፀን ውስጥ ሳለ መስማት ጀምሮ፣ የእናቱን ድምፅ ለምዶ ይወለዳል።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ሕዋሳቱ ቢሞቱስ፣ ቲቸር?"

"በሰውም በድመትም ተመልሰው አይበቅሉም" አልኳት። ደወሉ ተደወለ፤ ሰሌዳውን አጥፍቼ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመደርደሪያው ድስት ሳወርድ ክዳኑ አምልጦኝ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ግልገሎቹ በርግገው ካርቶናቸው ውስጥ ተደበቁ። ልጄ አጠገባቸው ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ጣቷን ትጠባለች። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ክዳኑን አንስቼ ከኋላዋ ደግሜ ጣልኩት። ደግሞ ጣልኩት።

ከቡልቡላ የመጡ አሮጊት ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምተው በር ላይ ቆሙ። "ምን ሆነሻል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?"

"ልጄ አትሰማም፣ እማማ።"

"ሕፃን አይደለች እንዴ? ቆይታ ትሰማለች።"

እኔ ግን ቆይተው የሚሰሙት ድመቶቹ እንጂ እሷ እንዳልሆነች አውቅ ነበር። ሕመሙ ነፍሷን ትቶልን ጆሮዋን ወስዷል። ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አነባሁ።

ለባለቤቴ ዛሬ ነገ ልንገረው ስል ለዘመቻ ተጠራ። አምስት ቀን ብቻ ነበረው። ከሥራ ሲመለስ ደረቱ ላይ አስተኝቶ ይዘፍንላታል፤ እሷ የደረቱን ንዝረት በእጇም በጉንጯም እያዳመጠች ትስቃለች። "ድምፄን ለምዳዋለች፤ ስመለስ ከሩቅ ትለየኛለች" ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው?

የመሄጃው ዕለት ልጃችንን ታቅፌ ስሸኘው ካምዮኑ ላይ ሆኖ "የኔ እመቤት! የኔ እመቤት!" ብሎ ጮኸ። የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። እሷ የነጠላዬን ጥለት ታኝካለች። አገጯን ያዝኩና ፊቷን ወደ እሱ አዞርኩት። አየችው፤ ሳቀች።

"ሰማችኝ! አየሽ፣ ሰማችኝ!"

"አዎ፣ ሰማችህ" አልኩት።

ካምዮኑ በወለንጪቲ በኩል ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ እውነቱን ጻፍኩለት፤ ሦስቴ ቀድጄ በአራተኛው ላክሁት። መልስ ስጠብቅ መርዶው መጣ። ደብዳቤው ደርሶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ምነው ባላነበበው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ውሸቴን አምኖ መሞቱ ያንገበግበኛል።

ልጄ አዲስ አበባ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ገብታ በምልክት ቋንቋ አደገች፤ እኔም ከእሷ ተማርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት "የአባቴ ድምፅ ምን ይመስል ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት እጆቼን አነሳሁ፤ ምልክቱ ጠፋኝ። እሷም ፊቴን ትንሽ አይታ እጆቼን ወደ ታች አወረደቻቸውና ጭኔ ላይ ተኛች።